ዲግሪ ይዘው ቤት ለተቀመጡ ልጆቻችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)

ስለ በግ ማድለቡ፣ ስለ ድንች ዘሩና ስለ ቁጠባው የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በሪፖርቱ ነግሯችኋል። እኛ የትምህርትና ሥራ ንዑስ ኮሚቴ አባላት እንድንናገር የተጠየቅነው በብዙዎቻችሁ ቤት ስላለ አንድ ጉዳይ ነው። እርሱም በባዮሎጂ ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ሴት ልጆቻችን ጉዳይ ነው።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅቱ ትመረቃለች። ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በግ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይጠራል። ከዚያ ክረምቱ ያልፋል፣ መስቀል ያልፋል፣ ጥምቀትም ያልፋል። ጎረቤት መጀመሪያ «ሥራ አገኘች ወይ?» ይላል። ቀጥሎ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ለምን አትድሯትም?» ይላል። በመጨረሻ ደላላ መጥቶ ስለ ዓረብ አገር ያወራል። ታናሽ እህቷ ይህን ሁሉ እያየች ነው። «እሷስ ተምራ ምን ሆነች?» ብላ ደብተሯን የጣለች ቀን የምንከስረው በአንድ ልጅ ብቻ አይደለም።

«በባዮሎጂ ዲግሪ የሚጀመር የላቦራቶሪ ሥራ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መልሳችን «አለ» ነው። ነገር ግን በሩ ብዙዎቻችን በምናስበው ቦታ አይደለም፤ ቁልፉም ዲግሪው ብቻ አይደለም። ሁለቱን በየተራ እንያቸው።

በመጀመሪያ ስለ በሩ። ብዙ እናቶች «ልጄ ባዮሎጂ ተምራለች፣ ሆስፒታል ገብታ ደም ትመረምራለች» ብለው ይጠብቃሉ። በአገራችን በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የታካሚን ደም፣ ሽንትና አክታ የሚመረምር ሰው ግን የሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የተማረና የሙያ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ሙያው እንደ ነርስነትና እንደ ፋርማሲ ፈቃድ የሚጠየቅበት የጤና ሙያ ነው። የባዮሎጂ ተመራቂ በማይክሮስኮፕ አይታ የወባ ተውሳክን ብትለይ እንኳ ለታካሚ ውጤት ጽፋ የመፈረም ፈቃድ የላትም። ሕጉ የወጣው ልጆቻችንን ለመጉዳት አይደለም፤ የተሳሳተ ውጤት ሰው ይገድላልና ነው። ስለዚህ በባዮሎጂ ዲግሪ የሆስፒታል ደጅ የምትጠና ልጅ ጊዜዋን እያቃጠለች ነው። የግድ ታካሚ መመርመር እፈልጋለሁ የምትል ካለች ደግሞ ሜዲካል ላቦራቶሪን እንደገና መማር እንዳለባት ከመጀመሪያው ትወቀው።

ታዲያ የባዮሎጂ ተመራቂን የሚቀበለው የትኛው ላቦራቶሪ ነው? ውሃን፣ አፈርን፣ ዘርን፣ የከብት በሽታን፣ ምግብንና መጠጥን የሚመረምረው፣ እንዲሁም ምርምር የሚደረግበት ነው።

ከቅርቡ እንጀምር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን የሥራ መደብ አላቸው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የተማሪዎችን የተግባር ትምህርት የሚያዘጋጁ ቴክኒሽያኖች ይቀጥራሉ። የከተማ የመጠጥ ውሃ አገልግሎቶች የውሃውን ንጽሕና መከታተል አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም ይላል። ይህን የሚያረጋግጥ የሰለጠነ እጅ ነው። በጃዊ ወረዳ ያለው የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካም እንደ ማንኛውም ስኳር ፋብሪካ የአገዳውን ጭማቂ ስኳር መጠን የሚለካበት ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል።

ትንሽ ራቅ ስንል ባሕር ዳር አለች። እዚያ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ፣ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪና የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ጎንደርና ደብረ ብርሃን የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች አሉ። ቢሾፍቱ የከብትና የዶሮ ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። አዲስ አበባ ደግሞ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና እ.ኤ.አ. በ1970 የሥጋ ደዌን ለመመርመር የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አሉ። እነዚህ ሁሉ ዛሬ ሰው እየቀጠሩ ነው አንልም። ማስታወቂያ ሲያወጡ ግን «በባዮሎጂ፣ በማይክሮባዮሎጂ፣ በባዮቴክኖሎጂ ወይም በተመሳሳይ» የሚል ቃል ይገኝበታል። ልጆቻችን የሆስፒታሉን ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን የእነዚህንም ይመልከቱ፤ በኩርና አዲስ ዘመን ጋዜጦችንም ያገላብጡ።

ላቦራቶሪ ለእኛ ለእናቶች ባዕድ ነገር እንዳይመስለን። ጠላ የምትጠምቅ እናት ብቅሉ መድረቁን፣ ጌሾው መብሰሉን፣ ድፍድፉ መፍላቱን በአፍንጫዋና በጆሮዋ ትለያለች። በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የምትሠራ ልጅም የምትጠብቀው ይህንኑ ነው፤ እርሾው በሕይወት አለ ወይ? ስኳሩ ምን ያህል ቀርቷል? ያልተፈለገ ባክቴሪያ ገብቷል ወይ? ልዩነቱ እርሷ በመለኪያ ለክታ መጻፏና የጻፈችውን ሌላ ሰው ደግሞ ሊያረጋግጠው መቻሉ ነው።

እንዶድንም እናስታውስ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። ነገሩን ናሙና ወስደው፣ በላቦራቶሪ ለክተው፣ ደጋግመው ሞክረው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንዶዱ የሴቶቹ ነበር፤ ወንዙም የሴቶቹ የሥራ ቦታ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል ናሙናውን ወስዳ የምትለካ አልነበረችም። ዛሬ ግን ልጆቻችን ለዚያ የሚያበቃውን ትምህርት ይዘው ቤት ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ። ላቦራቶሪ የእጅ ሙያ ነው። መጽሐፍ አንብቦ እንጀራ መጋገር እንደማይቻል ሁሉ ማስታወሻ አጥንቶ የላቦራቶሪ ሰው መሆን አይቻልም። ከተመራቂ ልጆቻችን ጋር ስንነጋገር ተመሳሳይ ነገር ነግረውናል። በተማሩበት ቦታ አንድ ማይክሮስኮፕ ለብዙ ተማሪ ነበር፤ ኬሚካል ሲያልቅ ተግባሩ በቃል ይነገራቸው ነበር። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ከመቶ 50 አምጥተው አልፈዋል፤ ጭንቅላታቸው ባዶ አይደለም። እጃቸው ግን አልሰለጠነም። ቀጣሪ ደግሞ የሚጠይቀው «ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ይላል።

እጅ ሰለጠነ ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚያገለግል ዕቃና መኖ በአውቶክሌቭ ይመከናል። አውቶክሌቭ ትልቅ የእንፋሎት ድስት ነው ብላችሁ አስቡት። መጽሐፉ በ121 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ደቂቃ ይላል። እኛ የምንኖረው ደጋ ነው፤ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽንብራ ቆላ ካለው ይልቅ እኛ ዘንድ እሳት የሚፈጁትም ለዚህ ነው። በአውቶክሌቩም እንዲሁ ነው። የግፊቱን ሰዓት ብቻ አይታ «መጽሐፉ ያለው 15 ደርሷል» የምትል ልጅ፣ በእኛ ከፍታ ውስጡ ያለው ሙቀት ወደ 116 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ሙሉ በሙሉ ላይሞት ይችላል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውጤት ሁሉ ሐሰት ሊሆን ይችላል። የሰለጠነችው ልጅ ቴርሞሜትሩን ታያለች፣ 121 እስኪደርስም ትጠብቃለች። ይህን ሥራ ላይ ቆሞ ከሚያሳይ ሰው አጠገብ በመሆን የምትማረው ነው።

ሌላም አለ። ማይክሮ ፒፔት የሚባል መሣሪያ የአንድ ሚሊ ሊትርን አንድ ሺሕኛ ይለካል፤ ይህም የአንድ ጠብታ ሃምሳኛ ያህል ነው። አውራ ጣት በትንሹ ከቸኮለ ልኩ ይሳሳታል። ኬሚካል መመዘን፣ ድብልቅ ማዘጋጀት፣ ባክቴሪያን በቀለም ነክሮ መለየት፣ ናሙና ሳይበከል ማሳለፍ፣ የተበከለን ዕቃ በጥንቃቄ ማስወገድ ሁሉ በመደጋገም የሚመጣ ነው።

የላቦራቶሪ መዝገብም አለ። በእርሳስ አይጻፍም። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ አጠገቡ ይፈረማል፣ ቀን ይጻፋል። ይህን ስንሰማ የሳቅን ብዙዎች ነን፤ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ የቁጠባ ደብተራችንን የምትይዝበት ደንብ ይኸው ነውና። ገንዘባችንን ለፋቂ ሰው አናምንም። ላቦራቶሪም እንዲሁ ነው።

ይህ ሁሉ ሙያ በስንት ጊዜ ይገኛል? በአንድ በሚገባ በሚሠራ ላቦራቶሪ ሦስት ወር በየቀኑ የምትለማመድ ልጅ መሠረቱን ትይዛለች። ሦስት ወር አጭር ጊዜ ነው። ልጆቻችን የሚወድቁት ግን እዚህ ላይ ነው። ልምምዱ በአብዛኛው ክፍያ የለውም። የባሕር ዳር ቤት ኪራይ አለ፣ ምግብ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ነጭ ጋውን አለ። መንገድ በሚዘጋጋበት በዚህ ዘመን ደግሞ ሴት ልጅን ብቻዋን መላክ ያስፈራል። አራት ዓመት ያስተማረ ቤተሰብ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት አቅም ያጥረዋል። ሥራ ማስታወቂያው «ዜሮ ዓመት» ሲል እንኳ የወንድ ተወዳዳሪው የሆነ ቦታ ሄዶ ተለማምዶ ይመጣል፤ የእኛ ልጅ ግን ከጓዳ ወጥታ ትቀርባለች።

የሚቻል ነገር ለመሆኑ ምስክር ሩቅ መፈለግ የለብንም። ከእንጅባራ በቡሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፍባት ፍኖተ ሰላም ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱባት ናት። ወደ ዓለማያ ግብርና ኮሌጅ ሲገቡ ሴት ተማሪዎች በጣም ጥቂት ነበሩ። የተማሩት ግብርና ነበር፤ ቀጥሎ የዕፅዋት በሽታን በሞለኪውል ደረጃ የሚመረምር ሙያ ያዙ። በአሜሪካ ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ፣ በኮሎምቢያ በዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ተቋም በዋና ዳይሬክተርነት መምራት ጀመሩ፤ በ2014 ደግሞ የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶችን ሽልማት ተሸለሙ። ልጆቻችን ሁሉ እንደ እርሳቸው ይሆናሉ ብለን አንዋሽም። የእርሳቸው መንገድ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው፤ ዲግሪ መነሻ ነው፣ በላዩ ላይ ሙያ በሙያ ይደረባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የዕፅዋት በሽታ ምርመራ ደግሞ ለእኛ የቅንጦት ነገር አይደለም። ድንቹን በማሳ ላይ እንዳለ የሚያጠወልገው በሽታ፣ በዓይን ሲታይ ጤነኛ በሚመስል ዘር ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። ስንቶቻችን በብድር በገዛነው ዘር ከስረናል! ዘሩን ከመዝራታችን በፊት የምትመረምር ልጅ ብትኖረን ኖሮ ማኅበሩ ስንቱን ዕዳ ባዳነ ነበር።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከተዘዋዋሪ ብድራችን ላይ የተወሰነው «የልምምድ ብድር» ተብሎ ይለይ። የሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ የምግብና የመጓጓዣ ወጪ ይሸፍን፤ ወለድ አይኑረው፤ ልጅቱ ሥራ ይዛ ሦስተኛ ደመወዟን ከተቀበለች በኋላ መመለስ ትጀምር። አንዳንድ እህቶች «በግ ቢሞት ቆዳው ይቀራል፤ ልጅቱ ሥራ ባታገኝ ምን ይቀረናል?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህም ብድሩ የሚለቀቀው የመውጫ ፈተና ላለፈችና ከአንድ ላቦራቶሪ «ለልምምድ ተቀብለናታል» የሚል ደብዳቤ ለምታመጣ ብቻ እንዲሆን፣ የእናቷም የቁጠባ ቡድን ዋስ እንዲሆን አስበናል። ያም ሆኖ ሥራ ሳታገኝ የምትቀር ልትኖር ትችላለች። እርሷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ካልያዘች አከፋፈሉን ጉባኤው እንደገና ይመልከተው እንጂ ዕዳው በአንድ እናት ጫንቃ ላይ አይውደቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይላኩ። ባሕር ዳር ዘመድ ያላችሁ አባላት ማረፊያ በማፈላለግ እርዱን። አንድ ቀጣሪ «የሌሊት ፈረቃ ስላለ ሴት አንፈልግም» ብሎ ልጃችንን መልሷት ያውቃል። አብሯት የምታድርና የምትመለስ ጓደኛ ካለቻት ይህን ሰበብ እንቀንሰዋለን።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ላቦራቶሪ ከራሳችን እንጀምር። በማኅበራችን ማር የሚያመርቱ፣ ወተት የሚሸጡ አባላት አሉን። በማር ውስጥ ያለውን እርጥበት የሚለካው ሪፍራክቶሜትር በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር ከመቶ 20 በላይ እርጥበት አይፈቅድም፤ ከዚያ ያለፈ ማር ይፈላል፣ ይበላሻል። ወተት ውሃ እንደተጨመረበት የሚጠቁመውም ላክቶሜትር ቀላል ዕቃ ነው። ሥራ በመጠባበቅ ላይ ያለች አንዲት ተመራቂ ይህን እየለካች በመዝገብ ብትይዝ ማራችን በእምነት ይሸጣል፤ እርሷም «ዜሮ ዓመት» ከሚለው ቃል ትላቀቃለች። ማኅበሩ የሚሰጣት የሥራ ልምድ ደብዳቤም እውነተኛ ሥራ የተሠራበት ይሆናል።

ለልጆቻችን የምንለው አለን። ማመልከቻችሁ ላይ የተማራችሁትን የትምህርት ዓይነት ብቻ አትደርድሩ፤ በእጃችሁ የምትሠሩትን አንድ በአንድ ጻፉ። ያልሠራችሁትን አትጻፉ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ፒፔት ቢያስይዟችሁ እጃችሁ ይናገራል። ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል ተማሩ። ዕቃ ማጠብና መለያ መለጠፍ የመጀመሪያ ሥራችሁ ቢሆን አትናቁት፤ ብዙ የላቦራቶሪ ሰው የጀመረው ከዚያ ነው።

ለእናቶች የምንለው አንድ ነገር ነው። ልጅቱ ከተመረቀች በኋላ አንድ ዓመት ስጧት። በዚያ ዓመት ስለ ትዳር የሚመጣ ሽማግሌም፣ ስለ ዓረብ አገር የሚመጣ ደላላም «ልምምድ ላይ ናት» የሚል መልስ ያግኝ። ለባሎቻችሁም ይህንኑ ንገሯቸው።

ለደጋፊዎቻችንም እንናገር። ስለምታደርጉልን ሁሉ እናመሰግናለን። ከአሁን በኋላ ግን ባነርና ቲሸርት ከሚታተምልን ይልቅ አንዲት ልጅ ሦስት ወር የምታድርበት አልጋ ይከፈልልን። የምታውቁት ላቦራቶሪ ካለ በራችንን የሚያንኳኳ ደብዳቤ ጻፉልን። ሪፍራክቶሜትሩንና ላክቶሜትሩን ብትገዙልን በየሩብ ዓመቱ የተለካውን መዝገብ ሳይፋቅ እናሳያችኋለን።

ውሳኔው የእናንተ ነው። የድምፅ መስጫው ከሻይ በኋላ ይሆናል። ከዚያ በፊት የልጆቻቸውን የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ይዘው የመጡ እናቶች በር አጠገብ ላለችው ጸሐፊያችን ያስመዝግቡ። ብድሩ ቢጸድቅም ባይጸድቅም ዝርዝሩን ይዘን ነገ ጀምሮ ደብዳቤ መጻፍ እንጀምራለን።